ሳይገባት የሰማችው

ልጅቷ የመጣች ቀን የያዘችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ደብተርና አንድ ቃል ብቻ ነበር። ቃሉ «እሺ» ነው። ከየት መጣሽ ሲሏት እሺ፣ በልተሻል ወይ ሲሏት እሺ፣ የሰፈር ልጆች «አንቺ ሞኝ!» ብለው ሲጮሁባትም እሺ። ሳምንት ሳይሞላ ስሟ «እሺዬ» ሆኖ ቀረ። ዕድሜዋ ገና ሃያ አንድ፤ ወንጌል ላገልግል ብላ ባሕር ተሻግራ የመጣች ሚስዮናዊት ናት። የላኳት ሰዎች ደንብ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት የአገሩን ቋንቋ ከሚናገር ቤተሰብ ጋር ኖራ መጨረስ አለባት። የቤቱ ባለቤት ካባረራት በቃ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደመጣችበት ነው።

ያስጠጓት ልብስ ሰፊዋ ቤት ነበር። ሰፊዋ ሃምሳን ያለፈች፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ሴት ናት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ልጅቷን የተቀበለቻት ለጽድቅ ብላ ሳይሆን ቤቱ ጭር ብሎባት ነው። «ቢያንስ የሚተነፍስ ነገር ይኖራል» ነበር ያለችው ለታናሽ እህቷ።

ውሎ ሲያድር ግን ልጅቷ ታስገርማት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ትሄዳለች፤ ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ቁስል ጎንበስ ብላ ታጥባለች። ቋንቋው ላይማ ዓይኗን በጨው ታጥባለች! ገበያ መሀል ቆማ ትሳሳታለች፣ ይስቁባታል፣ አብራ ትስቃለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች፤ በነጋታው እዚያው ሱቅ ተመልሳ አስተካክላ ትናገራለች። ወይ ድፍረት! እኛ ብንሆን በሳቁብን ሰፈር ዓመት ሙሉ አናልፍም።

ከሰዓት በኋላ ሰፊዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና በምላጭ የአሮጌ ልብስ ስፌት ትፈታላታለች። ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን፣ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ሳለ እናቷ ትዝ አለቻት። ቀና ብላ አየች፤ ያለችው እሺዬ ብቻ ናት። ለግድግዳ ከመናገር አይለይም ብላ ተነፈሰችው።

«እናቴን አራት ዓመት አገላብጫታለሁ» አለች። «አጥቤያታለሁ፣ በማንኪያ አብልቻታለሁ። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት የጠራችው ግን እኔን አይደለም፣ ትንሿን እህቴን ነው። ትንሿ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበረች፤ ብደውልላት በዕለቱ ትደርስ ነበር። እናቴ ‹ጥሪልኝ› አለችኝ። ‹ደውያለሁ፣ መንገድ ላይ ናት› አልኳት። አልደወልኩም። ቅናት አንጀቴን በላው። ሦስት ቀን ሙሉ በሩን እያየች ሞተች። ለእህቴ ‹በድንገት አረፈች› አልኳት።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ሰፊዋ ያን ቀን ትከሻዋ ቀለላት። ስድስት ዓመት ተሸክማው የኖረችው ነገር ነው፤ ለማን ትናገረው? ታናሿ አሁን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ዳቦ ቤት አላት። ሁለቱም ልጅ አልወለዱም፣ ሌላ ዘመድም የላቸውም። እሑድ እሑድ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ታናሿም ሳታሰልስ «እማዬ እንኳን ሳትሠቃይ ሄደች» ትላለች። ይህ ነገር ከተሰማ ያቺ አንዲት እህት ቀረች ማለት ነው።

ለእሺዬ መንገር ግን ልማድ ሆነ። አንዳንዴ ከመጀመሪያው፣ አንዳንዴ ከመሀሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሰፊዋ ትናገራለች፤ ልጅቷም ስፌቷን እየፈታች እሺ ትላለች።

በስምንተኛው ወር፣ ሰኞ ቀን፣ ሰፊዋ «በሩን እያየች» የሚለው ላይ ስትደርስ ልጅቷ ምላጩን አስቀመጠች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«እማማ፣ ይቁሙ። አንድ ነገር ልንገርዎት። ድሮ አይገባኝም። አሁን ይገባኛል።»

«ምኑ ነው የሚገባሽ?»

«ሁሉም። እናት። ሦስት ቀን። ስልክ የለም። እህት አታውቅም።»

ሰፊዋ ክው አለች። «እና ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ማን ጠየቀሽ?»

«ዝም ካልኩ መስረቅ ነው» አለች ልጅቷ። «ለማይገባው ሰው ነው የነገሩት። ለእኔ አልሰጡኝም።»

እስቲ ፍረዱ! እንደ ወትሮዋ አንዲት እሺ ብትል በቃት ነበር። ቤቷም አስተማሪዋም ይህችው ሴትዮ ናት፤ ብታባርራት ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። እያወቀች ነው የተናገረችው። እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት አላየሁም።

ሰፊዋን ግን ያን ጊዜ እፍረቷ ዓይኗን ጋርዶታል። «ሰላይ! ውጪልኝ ከቤቴ!» ብላ ሻንጣውን ራሷ በር ላይ አወጣችው። ልጅቷ አልተከራከረችም። የጀመረችውን ልብስ አጥፋ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ተሰናብታ ሄደች።

በነጋታው ሰፊዋን ሥራ አልሆንላት አለ። አንዱን ኮሌታ ሦስት ጊዜ ገልብጣ ሰፋችው። «ይሄኔ ለእህቴ ነግራታለች» እያለች ስትብሰለሰል ቆየች። በመጨረሻ መኪናዋን ትታ ዳቦ ቤት ሄደች። እህቷ ሊጥ እየቆረጠች ነበር።

«ምን ብትሆኚ ነው ያቺን የመሰለች ልጅ ያባረርሻት?» አለቻት ገና ሳትቀመጥ። «ጠዋት ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር። ሐሙስ ሊመልሷት ነው። ምን አጣላችሁ ብላት ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ብቻ። ብጨቀጭቃት፣ ብጨቀጭቃት ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም።»

ሰፊዋ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ዝም ብትል ያለቀለት ነገር ነበር። ሐሙስ ልጅቷ ትሄዳለች፣ ምስጢሩም አብሯት ባሕር ይሻገራል፣ እሑድም ምሳ እንደ ወትሮው ይበላል። ግን ያቺ አንድ ፍሬ ልጅ የሷን ጥፋት በራሷ ላይ አድርጋ ልትሄድ ነው። አንጀቷ አልቻለም።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለች እህቷ።

«እማዬ በድንገት አልሞተችም።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ለእሺዬ ስትነግራት መክረሟንና ለምን እንዳባረረቻት ጭምር። ከመቶ ጊዜ በላይ የተናገረችውን ነገር አሁን አንድ አንድ ቃል እየለቀመች ነው የጨረሰችው። ታናሿ ሊጡን እንደያዘች ሰማቻት። ሲያበቃ ዱቄት በዱቄት በሆነ እጇ በሩን አሳየቻት።

ሰፊዋ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሚስዮኑ ቢሮ ገብታ ኃላፊውን «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ትመለስልኝ» አለችው። እሱም ራሷን አናግሪያት ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጠቆማት። ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻንጣዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ደብተሯን ታጠናለች። ልትሄድ ሁለት ቀን ቀርቷት! ቋንቋውን የት አገር ልትናገረው እንደሆነ እንጃ።

«ነገርኳት» አለች ሰፊዋ።

«ለእህትዎ?»

«ለእህቴ። አባረረችኝ።»

ልጅቷ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ ታናሿ ከነሽርጧ ከች አለች። እህቷን ዞር ብላም አላየቻት። ልጅቷ ፊት ቆመች።

«አንቺ መዋሸት እንደማትችዪ ገብቶኛል» አለቻት። «እስቲ ንገሪኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስትነግርሽ እንዴት ነበረች? እንደ ተራ ወሬ ነው የምታወራው ወይስ...»

ልጅቷ የሰው ነገር ነውና ሰፊዋን አየቻት።

«ንገሪያት» አለች ሰፊዋ።

«ታለቅሳለች» አለች ልጅቷ። «ሁልጊዜ። የምትሰፋው ልብስ ይረጥባል። ከዚያ በካውያ ታደርቀዋለች።»

ታናሿ የወንበሩ ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀን አያልቅም። ልጅቷ ለብቻቸው ልትተዋቸው ብድግ ስትል ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«ቁጭ በይ፣ አንቺ የትም አትሄጂም።» ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «ሦስቱን ቀን አምጪልኝ። ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምረሽ፣ ምን እንዳለች፣ ምን እንደቀመሰች፣ ስንት ጊዜ እንደጠራችኝ፣ አንዷንም ሳታስቀሪ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ነበር» አለች ሰፊዋ። «ፊቷን እያጠብኳት ነበር።»