ጥሪው የት ቀረ

ኢብሴ ስክሪኑን ወደ ሥራ አስኪያጁ አቶ ባጫ አዞረችና ጣቷን ቀሰረች።

"ይኸው! 'ስህተት ተፈጥሯል' ይላል። ሌላ ምንም የለም።"

ትናንት ጠዋት ከሁሩሙ ወረዳ የተላከው የአምቡላንስ ጥሪ መቱ ካለው ቢሯቸው አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ ጠፍቷል። ምጥ የያዛት ሰሚራ መኪና ስትጠብቅ ቆይታ፣ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲወጡ መንገድ ላይ ተገላገለች። ልጁ አልተረፈም። ባሏ ካሚል ይኸው ጫማው እንደጨቀየ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። "ጥሪው የት ቀረ?" ከማለት በቀር ቃል አልተናገረም።

የአምቡላንስ ድርጅቱን የኢንተርኔት ጥሪ መቀበያ የሠራችው ኢብሴ ናት። ከማለዳ ጀምሮ ፕሮግራሙ የመዘገበውን ስታገላብጥ ያገኘችው ያችኑ ሁለት ቃል ነው። የየትኛው ጥሪ ስህተት እንደሆነ፣ ማን እንደከፈተው፣ ምን ላይ ሳለ እንደተበላሸ የሚናገር ነገር የለም።

"እንግዲህ ዲሪቤ ሳታየው ዘግታዋለች ማለት ነው" አሉ አቶ ባጫ። "ሪፖርቱ ላይ 'የሠራተኛ ቸልተኝነት' በይና ነገሩን እንዝጋው።"

ጥሪ ተቀባይዋ ዲሪቤ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ! በልጆቼ እምላለሁ፣ ምንም አልመጣልኝም።"

የኢብሴ ደም ፈላ።

"እያንዳንዱ ጥሪ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳየው፣ የት እንደቆመ ለየብቻው ይመዝገብ ብዬ አልለመንኩዎትም? ምን አሉኝ? 'ለምረቃው ይድረስ፤ ይሄ ለእንግዳ አይታይም!' የመግቢያውን ገጽ ቀለም ግን ደጋግመው አስለወጡኝ!"

"ድምፅሽን ቀንሺ! ሰውዬው ይሰማል።"

"ይስማ!"

"ኢብሴ፣ የአንቺም እንጀራ እዚሁ ነው" አሉ፣ አሁን በለሆሳስ።

ዲሪቤ የሹራቧን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች። ኢብሴ 'ቸልተኝነት' የምትለዋን ቃል ብትጽፍ፣ ሐሰት ናት ብሎ የሚያስረዳ ማስረጃ በምድር ላይ አይገኝም። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ተነሣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ካሚል፣ እግዜር ያጽናዎት። ይግቡ።"

የራሷን ወንበር ሳበችለት።

"ኢብሴ!" አሉ አቶ ባጫ።

ዞር ብላም አላየቻቸው።

"ጥሪው የት እንደቀረ አናውቅም" አለችው። "ዲሪቤ ናት የሚልዎት ቢኖር እንዳያምኑ። እኛ መቀበያውን ጥሪ የት እንደቀረ እንዲያሳውቅ አድርገን አልሠራነውም።"