የኮባው ጠብታ

ወይዘሮ አስናቀች ሶዶ ገበያ ቅቤ በመነገድ የኖሩ፣ እሳት የላሱ ሴት ናቸው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል፣ ሱቃቸው በር ላይ ትልቅ ባነር መስቀል አማራቸውና ወደ ማተሚያ ቤቱ ፎቶ ይዘው መጡ። ፎቶው በኮባ የተጠቀለለ የገሱባ ቅቤ ነው። ቅቤው ተሸጦ ከተበላ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን «ከዚህ ያማረ ጥቅል ከገሱባ ወጥቶ አያውቅም» ብለው ሌላ ፎቶ አላስነሳም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ውሃ። ቅቤ ነጋዴ ኮባውን ውሃ እየረጨች ነው የምታውለው። ደረቅ ኮባ ያየ ገዢ ቅቤው የከረመ ይመስለዋል።

«ጠብታ ጠብታ አድርጉበት። ካልቻላችሁ ሐዋሳ አሠራለሁ» አሉ።

ሥራው ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ለሩት ተሰጠ። ሩት እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ የሠርግ ጥሪና ጉርድ ፎቶ እንጂ ባነር ነክታ አታውቅም። ይህን ካበላሸች ባለቤቱ ኪሩቤል ሁለተኛ እንደማያስነካት ታውቃለች።

ፎቶሾፕ ከፈተችና ከፎቶው በላይ በአዲስ ሌየር፣ በተደራቢ ገጽ ላይ፣ ሞላላ ክቦች ሣለች። ብርሃን በሚመጣበት በግራ በኩል አነጣቻቸው፣ በቀኝ አጠቆረቻቸው፣ ከሥራቸውም ጥላ ጣለችላቸው። ለራሷ ዓይን ግሩም ሆኖ ታያት። ወይዘሮ አስናቀች ግን ስክሪኑን እንዳዩ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«ኢየሱስ! ቅቤዬ ቀለጠ!»

«ውሃ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«የቱ ነው ውሃ? ቅባቱ ሲወጣ እያየሁት! የቀለጠ ቅቤ ለጊፋታ ማን ይገዛኛል? ጠላቴ ነው እንዴ የላከሽ?»

ሩት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «በቃ፣ ነገ ሐዋሳ ደውዬ እዚያ አሠራዋለሁ» አለ ኪሩቤል ሴትዮዋ ሲወጡ። ይህን ጊዜ እልህ ያዛት።

ከጎረቤት ጓሮ ቁራጭ ኮባ ለምና መስኮቱ ሥር አነጠፈች፤ ውሃ ረጨችበትና ዓይኗን ተከለች። ጉድ ነው! ጠብታው ጨለም ያለው ብርሃኑ በሚመጣበት ጎን ነው፤ እዚያ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ታበራለች። ብርሃኑ ውሃውን ሰንጥቆ ያልፍና ማዶውን ያደምቃል። ውስጡ የሚታየው የኮባው መስመርም ጎልቶ ወፍሯል። እሷ ሁሉንም ገልብጣ ነበር የሣለችው። ውሃ ሳይሆን ብርሃን የማያሳልፍ ነገር፣ የቅቤ እንክብል! ሴትዮዋ ምን አጠፉ?

ሩት ብቻዋን ሳቀች። ተመልሳ ግራውን አጨለመች፣ ቀኙን አበራች፣ ነጯን ነጥብ ጣል አደረገች፤ በየጠብታው ውስጥ ያለፈውን የኮባ መስመር አሳበጠችው። አንዱን አተለቀች፣ አንዱን አሳነሰች፣ አንዱን ደግሞ ሊንሸራተት ጠርዝ ላይ አደረሰችው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

በማግስቱ ሙከራው ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ኪሩቤል ስልኩን ይዞ ቆሟል። ወይዘሮ አስናቀች ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ላይ እንደሚያደርጉት ትልቁን ጠብታ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት።

ጣታቸው ደረቅ ነበር። ጣታቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ሩትን አዩ።

«ሎኦ!» ብለው በወላይትኛ ጮኹ። «ሎኦ! ግሩም ነው! ለሐዋሳዎቹም አንቺው ሥሪላቸው!»

ኪሩቤል ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ከዛሬ ጀምሮ ባነር የሚባል ነገር ያንቺ ነው» አላት። ሩት ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ኮምፒውተሩን አቀፈችው።

ባነሩ የተሰቀለ ዕለት ካፊያ ጣለ። ባነሩ ከላይ እስከ ታች ጠብታ በጠብታ ሆነ። ወይዘሮ አስናቀች ጥላቸውን ዘርግተው ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና ግራ ተጋቡ።

«የትኛው ነው ያንቺ?»

«ፀሐይ ስትወጣ የማይደርቀው ነው፣ እትዬ» አለች ሩት።