ብርድ የሚወድ ኮረንቲ

በ2001 ዓ.ም. ላፕቶፔን ይዤ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት የገባሁት መብራት ፍለጋ ነው። የፈረቃ መብራት ለኔ ስሌት አይሆንም፤ የእናቴ ሆቴል ግን ጄኔሬተር አለው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያከሳህ?» አለችኝ በመጣሁ ዕለት።

አስረዳኋት። ኳንተም ዶት የሚባል በዓይን የማይታይ ቅንጣት አለ፤ ኤሌክትሮን የሚያሳልፈው አንድ በአንድ ነው። ግራና ቀኙ ያሉት ሱፐርኮንዳክተሮች፣ ማለትም ኮረንቲን ያለ አንዳች እክል የሚያሳልፉት ብረቶች፣ ደግሞ ኤሌክትሮኖችን የሚልኩት በጥንድ በጥንድ ነው። ታዲያ ጥንዶቹ በዚያ ጠባብ በር ሳይለያዩ እንዴት ያልፋሉ? የማስተርስ ጽሑፌ ይኸው ነው።

«ይኼ ሁሉ የሚሆነው በኃይለኛ ብርድ ነው፤ ሙቀት ካገኛቸው ጥንዶቹ ይበተናሉ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ለይሉኝታ መስሎኝ ነበር፣ እኔ ጅሉ!

ላፕቶፔ ሳይጠፋ ሌት ተቀን ስሌቱን ሲሠራ አምስተኛ ቀኑን ያዘ። ፍላሼን ቫይረስ ስለበላው ሌላ ቅጂ የለኝም። ሰኞ ፈታኞቼ ፊት እቀርባለሁ። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ገላዬን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«ላፕቶፔስ?» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ከለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ አወጣችው። የሮቢት ሙቀት ሲያገኘው እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ አላበው። በድንጋጤ ሳላደርቀው ማብሪያውን ተጫንኩት። ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ አልበራም።

«ምን ነካሽ? ማን ንኪው አለሽ!»

«እሳት ሆኖ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለች። «ጥንዶቹ እንዳይበተኑብህ ብዬ ነው።»