በባሕሩ መንገድ ላይ የቆመው በር

ዞሌካ የበሩን ብረት ጨብጣ ነቀነቀችና ወዲያው ለቀቀችው። የጥር ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለው ብረት መዳፏን ለበለባት። ከተራራው የሚወርደው ትኩስ ነፋስ ሰሞኑን አላባራም።

"ሉንጊሳ፣ ክፈት። አክስቴ ፀሐይ ላይ ናቸው።"

ከበሩ ማዶ ሉንጊሳ የዘበኛ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ከመንደራቸው ወደ ወንዙ አፍ በሚወስደው በዚሁ የባሕር ዳር መንገድ እየተራገጡ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄዱት። እሷ በደቡብ አፍሪካዋ ምታታ ከተማ አስተማሪ ሆነች፤ እሱ መንገዱን ያጠረው የባሕር ዳር ሆቴል ዘበኛ።

"እኔ ምን ላድርግ፣ ዞሌ? ከዚህ ወዲያ ለእንግዶች ብቻ ነው ተብሏል።"

"ጠዋት በዚሁ አይደል እንዴ ያለፍነው?"

"ጠዋት የሌሊቱ ዘበኛ ተኝቶ ነበር።"

"እንግዲያው አንተም ተኛ።"

አክስቷ ማምቤሌ ለምግብ ከዓለት የነቀሉት ዛጎል የሞላበትን ጆንያ ከራሳቸው አውርደው እላዩ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ወደ ቤት የሚያስገባው መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በበሩ አልፎ በጫካው ጥላ ሥር ይሄዳል፣ ሌላው ዛፍም ጠብታ ውሃም የሌለውን ራሰ በራ ኮረብታ ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ያንን ኮረብታ የወጡ ሽማግሌ በሰው ሸክም ነው የወረዱት።

"ማማ ቀስ ብለው ቢዞሩ..." አለ ሉንጊሳ።

"አንተ የኖምብሌ ልጅ፣" አሉት ማምቤሌ፣ "እናትህን ያዋለደቻት እናቴ ናት። በዚህ መንገድ ሮጣ ነው የደረሰችላት። ዞራ ብትመጣ ኖሮ አንተ ቁጭ ብለህ ትጠብቃት ነበር?"

ሉንጊሳ ሳቁ አመለጠውና ዋጠው። ወደ በሩ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሙኝ። እኔን ልትጠይቁ የመጣችሁ ዘመዶቼ ናችሁ እላለሁ። አለቃዬ ሳይመጣ ቶሎ እለፉ።"

የዞሌካን ደም ያፈላው ይሄ ነው። ቀብር የሄደችበት፣ ውሃ የተሸከመችበት መንገድ ላይ፣ ዛሬ የዘበኛ ጠያቂ ሆና ተደብቃ ልታልፍ! ስድቡ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የአክስቷን ከንፈር አየችና ዋጠችው። እሺ ልትለው ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ክሮስቢ ወረደና በሩን አስከፈተ። ሁለቱ የበሩ ክንፎች ወደ ውጭ፣ ወደ ሴቶቹ ተዘረጉ። ለማምቤሌ ቀዝቃዛ ውሃ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"በዚህ ሙቀት እናታችንን ማቆም ነውር ነው። ዛሬ የእኛ እንግዳ ናቸው። ይህቺን እጃቸው ላይ እናስርና በመኪና እናደርሳቸዋለን።" የሆቴሉ እንግዶች የሚያስሩትን ቢጫ የጎማ አምባር ዘረጋ።

ማምቤሌ ውሃውን ሳያተርፉ ጠጡት። "ጥሩ ውሃ ነው፣ እግዜር ይስጥህ። አምባሩን ለሚስትህ ውሰድላት።"

"ያለሱ አላሳልፍም፣ እናቴ። ደንብ ነው።"

"በሩን ዘግተህብን ብትሄድ ይሻለን ነበር፤" አለች ዞሌካ። "የተዘጋ በር ሌብነቱን አይደብቅም። አንተ ግን መንገዳችንን ወስደህ መልሰህ በስጦታ ትሰጠናለህ፤ ይባስ ብለህ ምስጋና ትጠብቃለህ።"

"እመቤት፣ እኔ የምረዳችሁ..."

"ኢሲቪቫኔው የት ሄደ?" አሉ ማምቤሌ ድንገት። አሁን በሩ በቆመበት ቦታ የመንገደኛ ድንጋይ ክምር ነበር። የሚያልፍ ሁሉ አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ እንትፍ ብሎበት፣ መንገዱ እንዲቃናለት ይጨምርበታል።

ሉንጊሳ መሬት መሬት አየ። "የሆቴሉ መዋኛ ግንብ ውስጥ ገብቷል፣ ማማ።"

አሮጊቷ ከጆንያው ላይ ተነሱ። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ፈልገው አነሱ፣ እንትፍ አሉበትና በተከፈተው በር ግርጌ አስቀመጡት። "እንግዲህ እዚህ ይጀመራል።"

ዞሌካ ገባት። ተለቅ ያለውን መርጣ ታቅፋ አነሳች፤ ድንጋዩ በቀሚሷ አልፎ ሆዷን አቃጠላት። እንትፍ ብላ ከአክስቷ ድንጋይ ጎን ጣለችው። ድንጋዮቹ ስለያዙት በሩ ከእንግዲህ አይዘጋም።

"ሉንጊሳ፣ አንሳና ዝጋ፤" አለ ሚስተር ክሮስቢ።

ሉንጊሳ ተራመደና ቆመ። "ከዚህ ላይ ድንጋይ አይነሳም፣ ጌታዬ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ማንም አላለም። አይነሳም።"

"ሥራህን አትፈልገውም?"

"እፈልገዋለሁ። ልጆች አሉኝ። ድንጋዩን ግን እርስዎ ያንሱት።"

ሰውየው ድንጋዮቹን አየ፣ ቀጥሎ ዞሌካን። እሷ ፊት አሮጊት መግፋት አልፈለገም። እስኪሄዱ ይጠብቃል፤ ከዚያ ራሱ ጎንበስ ይላል። ይህንን ዞሌካ ከዓይኑ አነበበችው። ሁለት ድንጋይ ክምር አይባልም። ከወንዙ አፍ በኩል ግን ሌሎቹ ዛጎል ለቃሚ ሴቶች ጆንያቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ በሙቀቱ እየተንቀጠቀጡ የሚታዩ ጥቁር ነጠብጣቦች ሆነው እየመጡ ነበር። ገና ሩቅ ናቸው።

"እርስዎ ይሂዱ፣ አክስቴ። በጥላው ቀስ እያሉ።"

"አንቺስ?"

"ሴቶቹ ደርሰው ድንጋያቸውን እስኪጨምሩ እዚሁ ነኝ።"

"ፀሐዩ ይገልሻል።"

"እንሞካከራለና።"

ማምቤሌ ጆንያቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ አምባር ያልታሰረበትን እጃቸውን እያወዛወዙ በሰውየው አጠገብ አልፈው ጫካው ውስጥ ገቡ። ማንም አልያዛቸውም።

ዞሌካ ቀሚሷን ከሥሯ ሰበሰበችና በድንጋዮቹና በሰውየው መሐል፣ በሚፋጀው አሸዋ ላይ ተቀመጠች።