የሴፓንታ ክንድ

ማህሮኽ ሁለተኛ ልጇን፣ ሴፓንታን፣ ከቢርጃንድ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ በወለደች ማግስት ነርሷ መርፌ ይዛ መጣች።

«ሲስተር፣ እባክሽ ትንሽ ይቆይልኝ» አለች ማህሮኽ። «የመጀመሪያው ልጄ ሳሉም ተቅማጡም አልለቀው ብሎ ዳዴ ሳይል ነው የሞተብኝ።»

«ምኑን ነው ያመመው አሉሽ?»

«ሳንባውን።»

«በይ እንግዲያው! ይሄ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ስንቱን ወግቻለሁ፣ አንድም አልሞተብኝ።»

አማቷ እስማትም ከአልጋው ግርጌ ሆነው «አስወጊው ልጄ፣ አታሳፍሪን» አሉ። ኪዩማርስ ባሏም የአጎቷ ልጅም ነው፤ እናቱ ባሉበት አፉን አይከፍትም። ማህሮኽ ልጁን ሰጠች።

ሴፓንታ ጥቂት ወራት ደህና ጠባ፣ ሳቀ። ከዚያ የተወጋበት ክንዱ መግል ቋጠረ፤ ብብቱ ሥር እንቁላል የሚያክል እብጠት ወጣ። ማህሮኽ ጤና ጣቢያው በሄደች ቁጥር «ክትባቱ ሲይዝ እንዲህ ያደርጋል» እያሉ መለሷት። ማህሮኽና ኪዩማርስ ቴህራን ይዘውት ሲደርሱ ቆዳና አጥንት ሆኗል፤ ጉበቱም አብጧል።

«ልጁ ሲወለድ ጀምሮ በሽታ የመከላከል አቅም የለውም» አለቻቸው ሐኪሟ ዶክተር ማንዳና። «ክትባቱ ውስጥ ያለው ጀርም የተዳከመ ቢሆንም ሕይወት አለው። ሌላውን ሕፃን ይጠብቀዋል፤ እሱን ግን መላ ሰውነቱን ወረረው። ወንድሙንም የገደለው ይኸው የዘር ችግር ይመስለኛል። ከመከተቡ በፊት ሕፃን ሞቶባችሁ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም?»

«ሳልጠየቅ ነው የነገርኳቸው» አለች ማህሮኽ።

«አሁን የሚያድነው የጤነኛ ዘመድ መቅኒ ነው» አለች ዶክተሯ። መቅኒ ሊለግሰው የሚችል ዘመድ ሲፈለግ ሴፓንታ አረፈ። ለቅሶው ላይ እስማት ለመጣው ሁሉ «የአላህ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ማህሮኽ ተነስታ ጓሮ ወጣች።

ሦስተኛ ልጇ ሴት ሆነች። ማህሮኽ አማቷም ቢቆጡ፣ ባሏም ቢለምን፣ የልጅቷ ደም ቴህራን ተመርምሮ ጤነኛ መሆኗ እስኪታወቅ ማንንም አላስነካችም። ውጤቱ ሲመጣ ግን ራሷ አቅፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ያችው ነርስ የልጅቷን ክንድ በጥጥ እየጠረገች «እንዴት ታምራለች! ስንተኛሽ ናት?» አለች።

«ሦስተኛ።»

«ታላላቆቿን ለማን ትተሽ መጣሽ?»

«ሁለቱም ሞተዋል። ሁለተኛውን የከተብሽው አንቺ ነሽ።»

ነርሷ ትክ ብላ አየቻት። ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ልጅቷን ወጋቻትና በሩን ከፍታ ተረኛዋን እናት ጠራች።