አራት ሰው ያላነሳው የዶሮ ቤት

ባሌ የሠራውን የግቢ በር ሌባ ነቅሎት አያውቅም። ሠላሳ ዓመት በብየዳ ሲኖር ሰፈሩ «ብረቱ» ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱም ስሙን ወደደው። ጣጣችንም የመጣው ከዚሁ ነው።

ወርክሾፑ ያለበት ሕንፃ ሲፈርስ ብረቱ ሥራ አቆመ። ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ይረፍ፣ ደክሞታል አልኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ አራት ወር። ምግብ ሳቀርብለት «እሺ» ይላል እንጂ አይነሳም። እኔ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምሠራው፤ ጠዋት ትቼው የወጣሁትን ጀርባ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

አንድ ቀን አምስት ቄብ ዶሮዎች በካርቶን ይዤ ገባሁ።

«የሥራ ባልደረባዬ ለሳምንት አደራ ብላኝ ነው» አልኩት። «እኔ ቀን የለሁም። አንተ ካላበላሃቸው ሞቱ ማለት ነው።»

እንዲህ ያለች ባልደረባ የለችኝም፤ ከገበያ ነው የገዛኋቸው። ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ባሌን በዶሮ ደለልኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመጣ ጓሮ ቁጭ ብሎ ጉልበተኛዋን ዶሮ ሲቆጣ አገኘሁት። «አንቺ፣ ለሌሎቹም ተይላቸው እንጂ!» ይላታል። ሳምንቱ አልፎ ስምንት ወር ሆነ። ስለ ባልደረባዬ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ አከራያችን አሮጊቷ ወደ ጓሮ ብቅ አሉ። ሣሩን በገዛ እጃቸው ነው የተከሉት። ዶሮዎቹ የታጠሩበት ጥግ ተጭሮ ተጭሮ ራሰ በራ ሆኗል።

«ስሚ ልጄ፣ እንቁላሉን በልቻለሁ፣ አልክድም» አሉኝ። «ግን ሣሬን ጨረሱት። በየቀኑ ቦታ የሚቀይር ቤት ሥሩላቸው፤ ሣሩም ያገግማል። እሑድ ጠዋት መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ይውጡልኝ።»

እሳቸው ያሉት ዶሮዎቹ ይውጡ ነው። እኔ የሰማሁት ባልሽ ተመልሶ ይተኛ ነው።

ብረቱ ግን ዓይኑ በራ። «ተንቀሳቃሽ ቤት? ይቺ ምን አላት!» ብሎ የብየዳ ማሽኑን ከሸራው ውስጥ አወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ቆረጠ፣ በየደ፣ ሞረደ። ቋሚው ወፍራም የቱቦላሬ ብረት፣ ጣሪያው ላሜራ፣ በሩ ባለ ሁለት መቀርቀሪያ። ዶሮዎቹ ሣሩን እንዲጭሩ ወለል አላበጀለትም። ሲያፏጭ ስሰማ የምሠራውን ትቼ በመስኮት አየው ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቀለሙ ደረቀ። ጎረቤታችንን ታክሲ ነጂውን ከነሚስቱ ጠራንና አራታችን አራቱን ማዕዘን ያዝን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ንቅንቅ አላለም።

ደገምን፤ ያው ነው። ታክሲ ነጂው ወገቡን ይዞ፣ «ብረቱ፣ ዶሮ ነው አንበሳ ልታስገባበት ያሰብከው?» አለና ሳቀ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ምን ይደረግ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሥራ ቢሉት ማንም የማይነቀንቀው ነገር ሠራ። እጁ ሌላ አያውቅማ!

ብረቱ አልሳቀም። እጁን ታጠበ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያን ጀርባ ሳይ ሆዴ ባባ፤ ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ።

«ተነሥ!»

«ተይኝ። ይሄ እጅ ለዶሮ ቤት እንኳ አልሆነም።»

«ያኔ ለእህል መጋዘን የሠራኸው ትልቁ በር ስንት ይመዝናል?»

«አሁን እሱን ምን አመጣው?»

«ስንት ይመዝናል አልኩህ!»

«አምስት ኩንታል ያልፋል።»

«ጠዋት ጠዋት ማነው ተሸክሞ የሚከፍተው?»

«ማን ይሸከመዋል! ዘበኛው በአንድ እጁ ይገፋዋል እንጂ…»

ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ፊቱን አየሁት።

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ። ወዲያው አልጋው ሥር ገብቶ ከወርክሾፑ የተረፈውን ሣጥን ጎተተ። የተንሸራታች በር የብረት ጎማዎች ናቸው፤ ዙሪያቸው የተቦረቦረ፣ ብረት ሐዲድ ላይ የሚሄዱ። ቆጠራቸው። አምስት ናቸው፤ አንዱ ትርፍ።

የታክሲውን ክሪክ ተዋስን። ብረቱ ማዕዘኖቹን ተራ በተራ እያነሳ ጎማ በየደባቸው፤ ከሥር የቀረውን ክፍተትም በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ሸፈነው። ለሐዲዱ አራት አጫጭር ብረቶች ቆረጠ። ሁለቱ ከሥር፣ ሁለቱ ከፊት ይነጠፋሉ፤ ቤቱ ተገፍቶ የፊቶቹ ላይ ሲወጣ ከኋላ የቀሩት ተነስተው ወደ ፊት ይዞራሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰ።

እሑድ ጠዋት አከራያችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ይሄ ነው የሚንቀሳቀሰው? ይሄ እስር ቤት?»

«ይግፉት» አለ ብረቱ።

«እኔ? በዚህ ጉልበቴ?»

«በአንድ እጅዎ።»

ገፋ አደረጉት። ቤቱ ሲጥ ብሎ ሄደ። ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ግራ ገብቷቸው አብረው መራመድ ጀመሩ፤ ጉልበተኛዋ ከፊት ሆና ትመራለች። አከራያችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ሐዲዱን አስነጥፈው ደግመው ገፉት።

«ይቆዩ» አሉ በመጨረሻ። «ግን በየጠዋቱ ነው፤ አንድ ቀን እንዳትዘሉ!»

እፎይ! ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩበት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። በየጠዋቱ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል! እኔ ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩትን መድኃኒት ሴትዮዋ ሳያውቁት አዘዙልኝ።

ዛሬ ስነቃ ከጎኔ ማንም የለም። አንሶላው ቀዝቅዟል። ከጓሮ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብረቱ ሐዲዱን እያነጠፈ ነው፤ በር ላይ መቆሜን ቢያውቅም ቀና አላለም።

«ያቺ ለሳምንት ያለችው ባልደረባሽ» አለኝ፣ «መጣች?»

ደነገጥኩ። «አልመጣችም።»

«ጎሽ። ከመጣች፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ አለበት በያት።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ሳቁን ይዞታል። አወቅሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ የኋላውን ሐዲድ ላነሳለት ወረድኩ።