ሰባተኛዋ ካርድ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። ዲላ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ደንበኛ ገብቶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ሲያደርግ "ትገዛለህ ወይስ ኳስ ትጫወታለህ?" እለዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ይመጣሉ፤ ደህና ካንዴላ ያለው ኸድሩ ጋ መሆኑን ያውቃሉ።

ንዴቴ የሚበርደው አልበሜን ስገልጥ ነው። ድሮ የመድረክ ሴቶች፣ ተዋናዮችና ዘፋኞች፣ ፎቷቸው በፖስትካርድ እየታተመ ይሸጥ ነበር። ወጣቱ ገዝቶ ከጀርባው "ለማስታወሻ" ብሎ ይጽፍና ለወዳጁ ይሰጣል፤ ወዳጅ የሌለው ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። እኔ እነዚያን ካርዶች እሰበስባለሁ። ከመቶ በላይ አሉኝ፦ ፀጉሯን ቆልላ የተሠራች፣ ማይክ ጨብጣ ዓይኗን የጨፈነች፣ ለቴአትር ንግሥት ሆና ከዙፋን የተቀመጠች። ሚስቴ ሳዕዳ "ጣውንቶቼ" ትላቸዋለች። አልበሙን ሳወጣ ካየችኝ "ዛሬ የማንኛዋ ተራ ነው?" ትለኛለች። ረመዳን ሲገባ ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጥልኝ ራሷ ናት።

የሁሉም መነሻ አባቴ ነው። አባቴ ሱፍያን ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ገበያ ላይ መርፌ፣ መስታወትና ማበጠሪያ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ የሚቸረችር ሰው ነበር። ሲሞት ከዕቃው መሐል አንድ የእንጨት ሣጥን አገኘሁ፤ ውስጡ አሥራ አንድ ፖስትካርዶች ነበሩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ፎቶ ቤት በሃምሳዎቹ ዓመታት ያወጣቸው ናቸው። ከሥር ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ ቁጥር አላቸው፤ ከጀርባቸው ደግሞ የአሥራ ሁለቱም ሴቶች ስም ተዘርዝሯል። ሰባተኛዋ፣ "ወይዘሪት እንጉዳይ መኩሪያ፣ ዘፋኝ" የተባለችው፣ የለችም። ጥፍር መቁረጫ እንኳ ሳይሸጥ የማያሳድረው አባቴ እነዚህን ለምን ሳይሸጥ እንደቀረ አልገባኝም። ሰባተኛዋን ግን ሃያ ዓመት ፈለግኋት። መርካቶን አሰስኩ፣ ሐዋሳ ድረስ ሄድኩ፣ በቴሌግራም ለማላውቀው ሰው ሁሉ ጻፍኩ። ሌላው ሁሉ ሲገኝ እሷ አልተገኘችም። ሌሊት ቁጥር እየቆጠርኩ ስድስት፣ ስምንት እያልኩ እቃዣለሁ ብላ ሳዕዳ ለዘመድ ሁሉ አውርታብኛለች።

ባለፈው ማክሰኞ ለሱቄ አዲስ ማስታወቂያ ላሠራ ማርቲ ጋ ሄድኩ። ማርቲ ባነርና ቲሸርት የምታትም ልጅ ናት፤ እኔን የማትፈራ ብቸኛዋ ነጋዴ ናት። ኮምፒውተሯ ፊት አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የኮምፒውተሩ መስኮት ሙሉ አንዲት ሴት አለች። የሸምበቆ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የወንበሩ የግራ ክንድ መደገፊያ የለም። ከጀርባዋ መጋረጃ ላይ ሐይቅ ተስሏል። ሐይቁ ላይ ሁለት ዳክዬዎች አሉ።

ያንን ወንበርና እነዚያን ዳክዬዎች ከልጆቼ ፊት እኩል አውቃቸዋለሁ። በአሥራ አንዱም ካርዶቼ ላይ አሉ።

"እንጉዳይ!" ብዬ ጮህኩ። ማርቲ ደነገጠች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። መምህር ወልደዮሐንስ ናቸው፤ ከዲላ በላይ የምትገኘው የቡሌ ሰው ናቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ ግማሹን ዲላ ያስተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከረባታቸው ሲዘም ያየ የሌለ። ቅዳሜ ቡሌ ላይ የቤተሰብ የምስጋና ፕሮግራም አላቸው፤ ልጅና የልጅ ልጅ ከየአገሩ ይሰበሰባል። ለዚያ የእናታቸውን ፎቶ በባነርና በሰባ ቲሸርት ሊያሳትሙ ነው የመጡት። ይህን ሁሉ ማርቲ በኋላ ነገረችኝ። ያን ጊዜ መምህሩ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወንድሜ፣ እናቴ ናት።"

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። እኔ ግን "እናትዎ ዘፋኝ ነበሩ?" አልኩ።

መምህሩ ተነሡ። ሲነሡ ከእኔ በአንድ ክንድ እንደሚረዝሙ አየሁ። እናታቸው ቡሌ ተወልዳ፣ ቡሌ አግብታ፣ ቡሌ የተቀበረች ገበሬ እንደሆነችና መንገድ ላይ የለቀምኩትን ወሬ እሷ ላይ እንዳልለጥፍ በጠራ የአስተማሪ አማርኛ ነገሩኝ። ማርቲ መሐላችን ገባች። እኔም አልተሸነፍኩም፤ መንገዱን ተሻግሬ፣ የራሴ ደንበኛ ባጃጅ ሥር ልገባ ትንሽ ቀርቶኝ፣ ከሱቄ አልበሜን ይዤ ተመለስኩ። አሥራ አንዱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አሥራ አንድ ሴቶች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ዳክዬ።

ማርቲ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። መምህሩ አጠገባቸው የነበረውን፣ የእናታቸው ፎቶ ያለበትን ፍሬም ገለበጡ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ነቀሉ። ካርዱ ወጣ። ፍሬሙ ሸፍኖት በኖረው ነጭ ጠርዝ ላይ ሰባት ቁጥር አለች። ከጀርባው ያው የስም ዝርዝር አለ።

ሃያ ዓመት የፈለግኋት ሴት ዓይኔ ፊት ናት። ልነካት እጄን ዘረጋሁና የመምህሩን ፊት አየሁ። እጄን መለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

መምህሩ ቁጭ አሉ። እናታቸው ስትሞት ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ መልኳን የሚያውቁት በዚህ ፎቶ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ውጤታቸውን በየዓመቱ ለእሷ ከፍ አድርገው ያሳዩ ነበር። አንድ ጊዜ በሒሳብ ወድቀው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረዋታል። ሐይቁ የት እንዳለ አባታቸውን ሲጠይቁ "ሩቅ ነው" ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም የጂኦግራፊ ትምህርትን የወደዱት ያንን ሐይቅ ሲፈልጉ ነው። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። "የእጅ ሰዓቷስ?" አሉ። ፎቶው ላይ ሴትዮዋ ሰዓት አስራለች፤ ቤት ውስጥ ግን ሰዓት ስላልተገኘ አጎቴ ወስዶታል ብለው መምህሩ ዐሥር ዓመት አጎትየውን አላናገሩም።

እዚህ ላይ ማርቲ ሳቋን መቻል አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ስልካቸውን አወጡና ለእኅታቸው ደወሉ።

እትዬ አትጠገብ ለቅዳሜው ዝግጅት ዕቃ ልትገዛ ከቡሌ ወርዳ ገበያ ነበረች። በባጃጅ መጣች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት። ወንድሟ ካርዱን ሰጣት። ገልብጣ አላየችውም።

"አውቃለሁ" አለች። "አባታችን ሲገዛ አብሬው ነበርኩ።"

ከዚያ አባቷ ለወንድሟ እንዳትነግር አስምሏት የኖረችውን ተረጋግታ አወራችን። እናታቸው ስትሞት እሷ ዐሥር ዓመቷ ነበር። እናትየው አንድም ቀን ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ከተቀበረች ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባትየው የልጅቱን እጅ ይዞ ከቡሌ ዲላ ገበያ በእግሩ ወረደ። ምንጣፍ ላይ መርፌና መስታወት ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆመ፤ ከመስታወቶቹ አጠገብ የሴቶች ፎቶ አየ። ቁጢጥ ብሎ እያነሣ፣ እያስቀመጠ፣ እንደገና እያነሣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሻጩ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። አባትየውም ሕፃን ልጅ እንዳለው፣ ልጁ አድጎ "እናቴ ምን ትመስል ነበር?" ሲለው የሚያሳየው እንደሌለ ነገረው።

ሻጩ ከዚያ በኋላ አብሮት መረጠ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። የአንደኛዋ ዓይንና ግንባር የሚስቱ ነው፤ የሌላኛዋ አፍ የሚስቱ ነው። ሻጩ ሁለቱንም በነፃ ውሰድ አለው። አባትየው እምቢ አለ፤ ሚስቴ አንድ ናት፣ ሁለት ሴት ይዤ ብገባ ሰው ምን ይለኛል አለ። ዓይኗን ወሰደ።

"ሻጩ ምን አለው መሰላችሁ" አለች እትዬ አትጠገብ። "'የቀሩትን አልሸጣቸውም' አለው። 'ልጁ አድጎ እናቴ ይቺ አይደለችም ካለህ መጥተህ ትለውጣለህ' አለው።"

ሻጩ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኋት። ቀጭን ነበር አለች፤ ቁጡ ነበር፤ ዕቃውን የሚነካካውን ሁሉ ይጮህበት ነበር። አባቷ ላይ ግን አልጮኸም።

አባቴ ነው አልኳቸው። አለቀስኩ፤ ማርቲ ፊት፣ መምህሩ ፊት፣ ማስታወቂያ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ፊት፤ ምንም አላፈርኩም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ሣጥን ጠብቆ የቆየው ለአንድ የቡሌ ገበሬ የገባውን ቃል ይዞ ነው።

እትዬ አትጠገብ እኔን እያባበለች ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ካርዶቹን አንድ በአንድ እየገፋች ሦስተኛዋ ላይ ቆመች፤ የቴአትር ተጫዋች ናት፣ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። "አፏ ይሄ ነው" አለች።

ማርቲ ማንንም አልጠየቀችም። ሁለቱንም ካርዶች ስካነሩ ላይ አስተኛቻቸው። የሦስተኛዋን አፍ ቆርጣ ሰባተኛዋ ፊት ላይ አስቀመጠች፤ መጀመሪያ አስቀያሚ ነገር ወጣ። እትዬ አትጠገብ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ማዘዝ ጀመረች። ጉንጯ ከዚህ ይቀጥናል። ቅንድቧ አልተነቀለም፣ መልሺው። ሰዓቱን አውጪው፣ ሰው አጣልቷል። ሐይቁንም አውጪው፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው እንሰት ነው። ማርቲ ከስልኳ የእንሰት ፎቶ አምጥታ ከኋላ አስገባች፤ ዳክዬዎቹ ጠፉ። የላይኛው ጥርሷ መሐል ፍንጭት ነበረው አለች እትዬ አትጠገብ። ማርቲ ፍንጭቱን ሠራች። ትንሽ ይጥበብ አለች። አጠበበችው።

እትዬ አትጠገብ ማዘዟን አቆመች።

እጇን አንሥታ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ፣ የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው። "ከእንግዲህ አትንኪው ልጄ" አለች።

መምህሩ ከኋላዋ ቆመው ነበር። "እንዲህ ነበረች?" አሉ። እኅታቸው እንዲህ ነበረች አለቻቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እናታቸውን አዩ፤ ፊታቸውም ቀስ እያለ ፈገግ አለ። ማርቲ ከእሳቸው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እሳቸው ተመለከተች። የመምህሩ ጥርስ ፍንጭት ነው፤ ልክ እዚያው ቦታ ላይ። ምላሳቸውን አንዴ አሳለፉበትና ሳቁ። ሳቃቸው ትልቅ ነው፤ ለስልሳ ዓመት ከረባት ሥር የተቀመጠ ሳቅ ነው። እትዬ አትጠገብ አጨበጨበች። ማስታወቂያ ሊያሠራ የመጣው ሰውዬም ነገሩ ሳይገባው አጨበጨበ።

ከዚያ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። ሰባተኛዋን ካርድ አነሡ። የእርስዎ ናት፣ አባትዎ ቃሉን ጠብቋል፣ እኔም እናቴን አግኝቻለሁ፣ ይውሰዷት አሉኝ። ካርዱን ያዝኩ። ግን አልመጣም፤ እሳቸውም አልለቀቁም። በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው እሳቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ዘፋኝ እንጓተታለን።

"ይቅርታ" አሉ። "አሳድጋኛለች።"

እኔ ኸድሩ፣ ደንበኛ ጎማ በነካ የምጮኸው ሰውዬ፣ ጣቶቼን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት የፈለግኩትን ነገር ስለቅ ቀሎኝ ነበር፤ ለምን እንደቀለለኝ ለሳዕዳ እንኳ ማስረዳት አልቻልኩም።

ማርቲ ባነሩን አስተካከለች። እናትየው በትልቁ መሐል ላይ ገባች፤ ከሥሯም "እናታችን ወይዘሮ ሎሚቴ" ተብሎ ተጻፈ። መምህሩ ከታች በኩል በቀኝ ትንሽ ቦታ እንድታስቀር ነገሯት። እዚያም ሰባተኛዋን ካርድ እንዳለች አስገባች፤ ከወንበሯ፣ ከሰዓቷና ከዳክዬዎቿ ጋር። ከዚህችኛዋ ሥር ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀች።

መምህሩ ከረባታቸውን አስተካከሉ። ከሁለት ሰዓት በፊት ዘፋኝ ስላልኩ ሊጣሉኝ የተነሡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እየተጠነቀቁ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ዲክቴሽን አጻፏት።

"ወይዘሪት እንጉዳይ መኩሪያ፣ ዘፋኝ። ያሳደገችን።"